ሲያንኮራፋ የሚያድር ሕፃን፦ ታውቆ የተረሳ ሕመም ታሪክ

ሕፃን ልጅ ወደ ሐኪም የሚቀርበው በቀን ነው። የሚመረመረውም ነቅቶ፣ ተቀምጦ፣ አፉን እንዲከፍት ታዝዞ ነው። የዚህ ጽሑፍ ርእስ የሆነው ሕመም ግን የሚገለጠው በሌሊት፣ ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ፣ ሐኪም በማይኖርበት ሰዓት ነው። በሕክምናው ቋንቋ ኦብስትራክቲቭ ስሊፕ አፕኒያ የሚባለው ይህ ሕመም፣ በእንቅልፍ ጊዜ የላይኛው የአየር መተላለፊያ በከፊል ወይም ጨርሶ እየተዘጋ፣ ደረትና ሆድ ለመተንፈስ እየታገሉ በቂ አየር ግን ወደ ሳምባ ሳይደርስ የሚቀርበት ሁኔታ ነው። ነቅተን ሳለን የጉሮሮ ጡንቻዎች መተላለፊያውን ከፍተው ይይዙታል፤ እንቅልፍ ሲወስደን ይላላሉ። በሕፃናት ላይ፣ በተለይም ከ2 እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ የሚገኘው አዴኖይድ ከጉሮሮው ስፋት አንጻር ትልቅ ስለሚሆኑ የላላው መተላለፊያ በቀላሉ ይደፈናል።

የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ በ2012 ባወጣው መመሪያ የገመገማቸው ጥናቶች ሕመሙ ከ1.2 እስከ 5.7 በመቶ በሚሆኑ ሕፃናት ላይ እንደሚገኝ ያመለክታሉ። ስለዚህ ብርቅ በሽታ አይደለም። አዲስ ግኝት ሊመስለን ይችል ይሆናል፤ ታሪኩ የሚያስረዳው ግን ሌላ ነው። ሕመሙ ከ130 ዓመታት በፊት በሚገባ ተጽፎ ነበር፤ ከዚያም ለ70 ዓመታት ያህል ከሐኪሞች አእምሮ ርቆ ቆየ። እንዴት እንደ ተረሳና እንዴት እንደ ተመለሰ ማወቅ ለዛሬው ሥራችን የሚጠቅም ትምህርት አለው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች

የታሪኩን መነሻ በ1868 በኮፐንሃገን ከተማ እናገኘዋለን። ዴንማርካዊው ሐኪም ዊልሄልም ማየር ከአፍንጫ ጀርባ፣ በጉሮሮ ጣሪያ ላይ የሚያድገውን ሥጋ በጣቱ እየዳሰሰ መረመረና አዴኖይድ ምን ዓይነት ችግር እንደሚያመጣ ለዓለም አሳወቀ። የአፍንጫ መደፈን፣ በአፍ መተንፈስ፣ የድምፅ መለወጥና የመስማት ችግር በአንድ ምክንያት ሊመጡ እንደሚችሉ ያስረዳ እርሱ ነው። በዓይን የማይታየውን ሥጋ በመዳሰስ ማግኘቱ የሕክምናውን በር ከፈተ።

በ1889 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሂል በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ በትምህርት ወደ ኋላ ስለሚቀሩ ሕፃናት ጻፈ። በትምህርት ቤት «ደነዝ» እና «ሰነፍ» እየተባሉ ከሚነቀፉት መካከል በአፋቸው የሚተነፍሱ፣ ሲያንኮራፉ የሚያድሩ፣ ሌሊቱን ሲገላበጡ የሚያነጉ፣ በቀን ራሳቸውን የሚያማቸው እንዳሉ ተናገረ። እነዚህን ልጆች የትምህርት ቤት ሐኪም ተግቶ ሊከታተላቸው እንደሚገባም አሳሰበ። የጉሮሮ ሐኪም ከክፍል ውስጥ ድክመት ጀርባ የአየር እጦት ሊኖር እንደሚችል መጠርጠሩ ለዘመኑ ትልቅ ማስተዋል ነበር።

ከ3 ዓመታት በኋላ፣ በ1892፣ በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ መምህር የነበረው ዊልያም ኦስለር ስመ ጥር የሆነውን የውስጥ ደዌ መማሪያ መጽሐፉን አሳተመ። ሥር ስለ ሰደደ የቶንሲል እብጠት በጻፈው ክፍል ሕፃኑ በሌሊት ምን እንደሚመስል ገለጸ። ትንፋሹ ድምፅ ያለውና የሚንኮራፋ መሆኑን፣ አንዳንድ ጊዜ ለረጅም ቅጽበት ቆም ማለቱን፣ ከዚያም በጥልቅና ጩኸት ባለው ትንፋሽ እንደገና መጀመሩን ዘረዘረ። የፊቱን ድንዛዜ፣ የአእምሮውን ዝግመትና የደረቱን ቅርጽ መበላሸትም አልዘነጋም። ዛሬ አንድ ተማሪ ስለዚሁ ሕመም ቢጠየቅ ከዚህ ብዙ የተለየ መልስ አይሰጥም። ይህ ሁሉ የተጻፈው የእንቅልፍ ላቦራቶሪም ሆነ የኦክስጅን መለኪያ መሣሪያ ሳይኖር፣ የተኛ ሕፃንን በማየትና አብሮት የሚያድረውን ሰው በማድመጥ ነው።

ቶንሲል የጀርም ጎሬ ሲሆን

እንዲህ በግልጽ የተጻፈ ሕመም እንዴት ሊረሳ ቻለ? አንዱ ምክንያት ሐኪሞች ቶንሲልን የሚያዩበት መነጽር መለወጡ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በተለይም የቺካጎው ፍራንክ ቢሊንግስ በ1912 ካቀረበው ጽሑፍ በኋላ፣ በአንድ ቦታ የተደበቀ ጀርም መላ ሰውነትን ይመርዛል የሚለው አስተሳሰብ በሰፊው ተቀባይነት አገኘ። በዚህ አስተሳሰብ ቶንሲል ከጥርስ ጋር ዋነኛው ተጠርጣሪ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ጉሮሮ ሲያይ የሚጠይቀው «ጀርም አለበት ወይ?» እያለ እንጂ «አየር ያሳልፋል ወይ?» እያለ አልነበረም።

ውጤቱ ልክ ያጣ ቀዶ ሕክምና ሆነ። በ1934 በኒውዮርክ ከተማ የተደረገ ጥናት ለዚህ የማይረሳ ምስክር ነው። ከ1000 የ11 ዓመት ተማሪዎች መካከል 611ዱ ቶንሲላቸው አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። የቀሩት 389 በሐኪሞች ሲታዩ ለ174ቱ ቀዶ ሕክምና ታዘዘ። ደኅና ናችሁ የተባሉት 215 ለሌሎች ሐኪሞች ሲቀርቡ ለ99ኙ ታዘዘ። እንደገና የተረፉት 116 ለሦስተኛ ጊዜ ሲመረመሩ ለ51ዱ ታዘዘ። በመጨረሻ ከሺው ልጆች ቀዶ ሕክምና ያልተደረገላቸው ወይም ያልታዘዘላቸው 65 ብቻ ሆኑ። በየዙሩ ሐኪሞቹ ከፊታቸው ከቀረቡት ልጆች ግማሽ ለሚጠጉት ቀዶ ሕክምና ማዘዛቸው ውሳኔያቸው ከልጁ ጉሮሮ ይልቅ ከልማዳቸው የመነጨ መሆኑን ያሳያል።

በ1938 እንግሊዛዊው አሊሰን ግሎቨር በአገሩ ትምህርት ቤቶች ተመሳሳይ ነገር አገኘ። የቀዶ ሕክምናው ብዛት በጎረቤታሞች አካባቢዎች መካከል እጅግ ይለያያል፤ ለዚህ ግን በአየር ጠባይም ሆነ በኑሮ ደረጃ ምክንያት አልተገኘለትም። ሆርንሲ በተባለው አካባቢ የትምህርት ቤቶቹ ሐኪም በተለወጠ ጊዜ ቁጥሩ ከአሥር እጅ ወደ አንድ እጅ ገደማ ወርዶ ነበር።

እነዚህን ጥናቶች ያነበቡ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምናውን መጠራጠር ጀመሩ። ፔኒሲሊን መጣ፤ የጉሮሮ ቁስለት በመድኃኒት መዳን ጀመረ። በ1969 አንድ አሜሪካዊ ጸሐፊ ቶንሲል ማውጣትን የባህል ሥርዓት እንጂ ሕክምና አይደለም እስከ ማለት ደረሰ። በአሜሪካ በ1959 ዓ.ም. 1.4 ሚሊዮን የነበረው የቀዶ ሕክምናው ቁጥር በ1987 ወደ 260 ሺህ ወረደ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ። ቶንሲል በጅምላ ይወጣ በነበረበት ዘመን ብዙ ልጆች ያለ በቂ ምክንያት ለደም መፍሰስና ለሰመመን አደጋ ተጋልጠዋል፤ በሌሊት ይታፈኑ የነበሩት ልጆች ግን ማንም ሳያውቅላቸው አብረው ሳይፈወሱ አልቀሩም። ቀዶ ሕክምናው ሲቀንስ ያለ ምክንያት የሚቆረጡት ልጆች ዳኑ፤ የሚታፈኑት ደግሞ ያለ ፈዋሽ ቀሩ። ሁለቱም ትውልዶች የተሳሳቱት በአንድ ነገር ነው። ክርክራቸው ሁሉ ስለ ጀርም ነበር፤ ስለ ትንፋሽ የጠየቀ ጥቂት ነበር።

ልብ ሲደክም ሕመሙ ተመለሰ

የተረሳው ሕመም ወደ ሕክምናው ዓለም የተመለሰው በልብ በኩል ነው። በ1965 ዓ.ም. በአሜሪካ የልብ ሐኪሟ ጃክሊን ኑናን፣ እንዲሁም ሜናሽና የሥራ ባልደረቦቹ፣ የቀኝ ልባቸው በደከመ ሕፃናት ላይ ያዩትን በየፊናቸው ጻፉ። የልብ ጉድለት ሲፈለግ የተገኘው ትልቅ ቶንሲልና አዴኖይድ፣ በአጠቃላይም የላይኛው አየር መተላለፊያ መዘጋት ሆነ። እንቅፋቱ ሲወገድ የደከመው ልብ አገገመ። በየሌሊቱ የሚወርደው ኦክስጅን የሳምባን የደም ሥሮች እያጠበበ፣ በውስጣቸው ያለውን ግፊት እያናረ፣ የቀኙን ልብ እንደሚያደክም በሕፃናት ላይ ታየ። ይሁን እንጂ በዚህ ደረጃ የተገኘ ልጅ ዘግይቶ የተገኘ ልጅ ነው።

በዚያው ዓመት በማርሴይ ጋስቶና ባልደረቦቹ፣ በጀርመንም ዩንግና ኩህሎ፣ ከልክ በላይ ወፍረው ቀን ቀን የሚያንቀላፉ አዋቂዎችን ሌሊቱን በመሣሪያ ተከታትለው ትንፋሻቸው በእንቅልፍ ውስጥ በተደጋጋሚ እንደሚቋረጥ አሳዩ። ለእነዚህ አዋቂዎች ሕመም በ1956 በርዌልና ባልደረቦቹ «የፒክዊክ ሕመም» የሚል ስያሜ ሰጥተው ነበር። ስያሜው የተወሰደው እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ በ1836 እና በ1837 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው፤ በዚያ ውስጥ ጆ የሚባል፣ በየሄደበት እንቅልፍ የሚጥለውና የሚያንኮራፋ ወፍራም ገጸ ባሕርይ አለ። የሚያስገርመው ጆ በልብ ወለዱ ውስጥ ልጅ መሆኑ ነው። ሐኪሞች ከልጁ ስሙን ወስደው ለአዋቂዎች ሕመም ሰጡ፤ ልጆቹ ራሳቸው ግን ተራ እስኪደርሳቸው ብዙ ጠበቁ።

ተራው የደረሳቸው በ1976 ነው። በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው ክርስቲያን ጊልሚኖና ባልደረቦቹ፣ ከ5 እስከ 14 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 8 ሕፃናት በእንቅልፍ ውስጥ ተከታትለው የደረሱበትን አሳተሙ። ቀን ማንቀላፋት፣ የትምህርት ውጤት ማሽቆልቆል፣ የጠባይ መለወጥ፣ አልጋ ላይ መሽናት መጀመር፣ የማለዳ ራስ ምታት፣ የክብደት መዛባት፣ የደም ግፊት መጨመር፤ ከእነዚህ አንዱ በመሀሉ ከሚቋረጥ ከባድ ማንኮራፋት ጋር ሲገኝ ሕመሙ ሊጠረጠር ይገባል አሉ። ከሂል ጽሑፍ እስከዚህ 87 ዓመታት አልፈዋል።

መገኘቱ ብቻ ግን አልበቃም። በ1982 በቺካጎ ብሩዬትና ባልደረቦቹ 22 ሕፃናትን አጥንተው ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ልጆቹ ትክክለኛ ምርመራ ሳያገኙ ብዙ ጊዜ መቆየታቸውን አሳዩ። ከ22ቱ መካከል በ12ቱ ላይ የቀኝ ልብ ጉዳት ደርሶ ነበር፤ 6ቱ እድገታቸው ቀጭጮ ነበር፤ በ2ቱ ላይ የማይመለስ የአንጎል ጉዳት ደርሷል።

ለመዘግየቱ ሌላም ምክንያት ነበረው። የመመርመሪያው መለኪያ የተቀዳው ከአዋቂዎች ነበር። አዋቂው ቀን ቀን ያንቀላፋል፤ ሕፃኑ ግን ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ቅብጥብጥ፣ ቁጡና ትኩረት የማይሰበስብ ይሆናል። በአዋቂ ላይ የ10 ሰከንድ መቋረጥ ይቆጠራል፤ ፈጥኖ የሚተነፍሰው ሕፃን ግን ከዚያ ባጠረ ጊዜ ኦክስጅኑ ሊወርድ ይችላል። ብዙ ሕፃናትም ትንፋሻቸው ጨርሶ ሳይቋረጥ ለረጅም ሰዓት በከፊል እንደተዘጋ ያድራል። የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ማኅበር ለሕፃናት የተለየ የእንቅልፍ ምርመራ መስፈርት ያወጣው በ1996 ነው።

ሐኪሙ ራሱ ሲጠየቅ

ከዚያ በኋላ የጥናቱ ትኩረት ወደ ሐኪሞቹ ዞረ። በ1994 ሚንዴልና ባልደረቦቿ የአሜሪካን የሕፃናት ስፔሻሊቲ ማሠልጠኛዎች ሲጠይቁ፣ በጠቅላላው ሥልጠና ውስጥ ስለ እንቅልፍ የሚሰጠው ትምህርት በአማካይ 4.8 ሰዓት ብቻ ሆኖ ተገኘ። የሰው ልጅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግማሽ ያህል ዕድሜውን የሚያሳልፈው በእንቅልፍ ሆኖ ሳለ ለዚያ የተመደበው ከአንድ የሥራ ቀን ያነሰ ነበር። በ2001 ኦውንስ ባሳተመችው ጥናትም፣ ከተጠየቁት የሕፃናት ሐኪሞች አንድ አምስተኛው ለትምህርት የደረሱ ልጆችን በመደበኛ ክትትል ጊዜ ስለ እንቅልፍ ችግር እንደማይጠይቁ ታወቀ። በ2005 ደግሞ የሐኪሞችን ዕውቀትና አመለካከት በዚህ ሕመም ላይ ለመመዘን የሚያስችል፣ 18 የዕውቀትና 5 የአመለካከት ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ተዘጋጀ። የሕመሙ ታሪክ የሐኪሙ ዕውቀት እንደ አንድ የምርመራ መሣሪያ እስከሚለካበት ደረጃ ደረሰ።

በመካከሉ የሂልን ጥርጣሬ የሚያጠናክር ማስረጃ ተገኘ። በ1998 ዴቪድ ጎዛል በአንደኛ ክፍል ውጤታቸው ከመጨረሻዎቹ 10 በመቶ ውስጥ የነበሩ 297 ልጆችን መረመረ። 54ቱ በእንቅልፍ ጊዜ የአየር ልውውጥ መዛባት ተገኘባቸው። ከእነዚህ ቶንሲልና አዴኖይዳቸው የወጣላቸው 24 ልጆች በቀጣዩ ዓመት አማካይ ውጤታቸው ከ2.43 ወደ 2.87 ከፍ አለ፤ ቀዶ ሕክምና ያላገኙት ግን ለውጥ አላሳዩም። ልጆቹ በዕጣ የተመደቡ ስላልነበሩ ይህ የመጨረሻ ቃል አልነበረም። በ2013 የታተመውና 464 ልጆችን በዕጣ የመደበው ሰፊ ጥናት ነገሩን አስተካክሎ አስቀመጠው፦ በ7 ወር ጊዜ ውስጥ ቀዶ ሕክምናው በትኩረት መለኪያ ፈተና ላይ የጎላ ብልጫ አላሳየም፤ የልጆቹን ምልክቶች፣ ጠባይና የኑሮ ጥራት ግን አሻሽሏል። የእንቅልፍ ምርመራ ውጤታቸው ወደ ጤናማ የተመለሰውም ከተቆረጡት 79 በመቶ፣ በክትትል ብቻ ከቆዩት 46 በመቶ ነው። ቁጥሩ ሁለት ነገር ያስተምራል፤ ቀዶ ሕክምናው ይጠቅማል፤ ሁሉም ልጅ ግን ወዲያው ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም።

የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ በ2002 ባወጣውና በ2012 ባደሰው መመሪያ የመጀመሪያው ምክር ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ሕፃን በመደበኛ ክትትል ጊዜ ያንኮራፋ እንደሆነ ይጠየቅ።

ታሪኩ ለእኛ ምን ይላል?

በአገራችን «ቶንሲል» የሚለው ቃል በሕዝቡ ዘንድ የአካል ክፍል ስም መሆኑ ቀርቶ የበሽታ ስም ሆኗል። «ቶንሲል ያዘው» ሲባል የሚታሰበው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ነው። እኛም የጉሮሮ ቁስለት ወደ ሩማቲክ የልብ በሽታ እንዳያመራ ስንል ወደ ጀርሙ ማተኮራችን ተገቢ ነው። ነገር ግን ያው ጉሮሮ የአየር መንገድም መሆኑን ጀርሙ ሊጋርድብን አይገባም።

የሕፃን ጉሮሮ ይዘጋል የሚለው ስጋት ለወላጆቻችንም አዲስ አይደለም። እንጥል አብጦ ሕፃኑን ያንቀዋል በሚል ፍርሃት ብዙ ጨቅላዎች እንጥላቸውን ተቆርጠዋል፤ ለደም መፍሰስና ለብክለትም ተዳርገዋል። ድርጊቱን ማስቆም ግዴታችን ነው። ከድርጊቱ በስተጀርባ ያለውን ጭንቀት ግን መናቅ የለብንም፤ ልጇ ሌሊት ትንፋሹ እንደሚያጥረው የምትናገር እናት ከእኛ የምትሻው ተግሣጽ ብቻ ሳይሆን ምርመራም ነው።

የእንቅልፍ ላቦራቶሪ በሌለበት ምን ማድረግ ይቻላል? ልጁ በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ ያንኮራፋል ወይ? ትንፋሹ ቆሞ ያውቃል ወይ? አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ወይም ተቀምጦ ይተኛል ወይ? ቀን በአፉ ይተነፍሳል፣ አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ጀምሯል፣ በትምህርቱ ወደ ኋላ ቀርቷል ወይ? ወላጅ የተኛውን ልጅ በስልክ ቀርጾ ቢያመጣ ብዙ ያግዛል። የኦክስጅን መለኪያ ባለበት ሆስፒታል ሌሊቱን መከታተል ይቻላል፤ በ2000 ብሩዬት ባሳተመው ጥናት፣ ትልቅ ቶንሲልና አዴኖይድ ካላቸው ተጠርጣሪ ልጆች መካከል ግልጽ የኦክስጅን መውረድ የታየባቸው 97 በመቶ ያህሉ ሕመሙ ነበረባቸው። የመለኪያው ደኅና መሆን ግን ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። የቶንሲሉ ትልቀት ብቻውንም የሕመሙን ክብደት አይናገርም። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው፣ የፊትና የመንጋጋ አፈጣጠር ችግር ያለባቸው፣ ከልክ በላይ የወፈሩ ልጆች የበለጠ ጥንቃቄ ይሻሉ።

ቀዶ ሕክምና ሲወሰንም ጥንቃቄው አያበቃም። ሕመሙ የጠናበት ልጅ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባለው ሌሊት ትንፋሹ ሊታወክ ስለሚችል ክትትል ያሻዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2013 ኮዴይን ቶንሲል ለወጣላቸው ሕፃናት ሕመም ማስታገሻነት እንዳይሰጥ ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ ያወጣው፣ በመድኃኒቱ ሳቢያ ትንፋሻቸው ቆሞ የሞቱ ልጆች በመገኘታቸው ነው።

ሂልና ኦስለር ይህን ሕመም ሲያዩ በእጃቸው የነበረው መሣሪያ ከእኛ ያነሰ ነበር። ለ70 ዓመታት የተረሳው ዕውቀት የጠፋው መሣሪያ ስለ ጎደለ ሳይሆን ስለ ሌሊቱ የሚጠይቅ ስለ ጠፋ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሕመሙን በየሌሊቱ ያየው ነበር፤ አጠገቡ ተኝታ ትንፋሹ እስኪመለስ የምትጠብቅ እናት ነበረች። ነገ ጠዋት በክፍላችን ለሚቀርበው ሕፃን ክብደቱን መዝነን፣ ክትባቱን ጠይቀን ስናበቃ አንዲት ጥያቄ እንጨምር፦ «ሌሊት እንዴት ያድራል?»